«እንዴት ነች?» ብዬ የደወልኩባቸው ወራት

ነርስ ነኝ። ብዙ ዓመት የሠራሁት በአንድ ሆስፒታል የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ፣ ከአልጋ አልጋ ስመላለስ ነው። ወገቤ ሲያስቸግረኝ የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ጠሩኝና፣ «አንቺ ከሰው ጋር መነጋገር ትችያለሽ፤ ስልኩን ያዢልን» አሉኝ። ስልኩ የጥናቱ ስልክ ነበር።

ጥናቱ የሚጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ጭንቅላታቸው ተጎድቶ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ቤታቸው ከገቡ በኋላ ምን ይሆናሉ? እኛ በሽተኛውን የምናውቀው እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ነበር። ክሩ ተፈትቶ፣ መድኃኒቱ ተጽፎለት፣ በቤተሰቡ ተደግፎ ሲወጣ «ተሽሎት ወጣ» ብለን እንጽፋለን። ከዚያ በኋላ ቆሞ ይሂድ፣ ተኝቶ ይቅር፣ ይሙት፣ የምናውቀው የለም። ስለዚህ እኔ በመጀመሪያው፣ በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር እየደወልኩ እጠይቃለሁ። ራሱን ችሎ ይበላል? መጸዳጃ ቤት ብቻውን ይሄዳል? ብቻውን ከቤት ይወጣል? ወደ ሥራው ተመልሷል? መልሱ ከስምንት ደረጃዎች በአንዱ ላይ ይመዘገባል። አንድ ሞት ነው፤ ስምንት ሙሉ ጤና። በዓመቱ ደግሞ ሰውየው ራሱ መጥቶ ይመረመራል፣ ሲቲ ስካንም ይነሳል።

ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ጓደኞቼ ቀኑብኝ። እኔም መጀመሪያ ላይ ዕረፍት መስሎኝ ነበር።

ልጅቷ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። ጀሞ አንድ ዳቦ ቤት ውስጥ ትሸጣለች። ሰኔ ላይ ከሥራ ወጥታ መንገድ ስትሻገር ሞተር ሳይክል ገጫት። እኛ ዘንድ ስትደርስ ጥሪ አትሰማም፤ በራስ ቅሏና በአንጎሏ መካከል የፈሰሰው ደም ተጠራቅሞ አንጎሏን ተጭኖት ነበር። ዶክተር በዚያው ቀን ቀዶ ሕክምና አድርገው ደሙን አወጡላት። እኔ የፈቃድ ወረቀቱን ይዤ ስወጣ አባቷ ኮሪደሩ ላይ ካርቶን አንጥፈው ተቀምጠዋል። የስድሳ ምናምን ዓመት ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም። አናጢ መሆናቸውን ከመናገራቸው በፊት አውቄዋለሁ፤ የግራ እጃቸው ሌባ ጣት ጫፉ የለም፣ የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ደግሞ ጠፍጣፋ እርሳስ አለ።

«አባባ፣ ልጅዎ ጥናት ውስጥ እንድትገባ ፈቃድዎን ልጠይቅ ነው» አልኳቸው።

«ጥናቱ ያድናታል?»

«ጥናቱ አያድናትም። ሕክምናዋ ያው ነው። እኛ እየደወልን እንዴት እንደሆነች እንጠይቃለን እንጂ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ዓመት።»

ትንሽ አሰቡና፣ «እንግዲያው ዓመት ትቆያለች ብላችኋል ማለት ነው» አሉ። በዚያ በጠፍጣፋ እርሳስ ሊፈርሙ ሲሉ እስክሪብቶ ሰጠኋቸው። እንደዚያ ማለታችን እንዳልሆነ ማስረዳት ነበረብኝ። አላስረዳሁም።

እናቷ ገና ሕፃን ሳለች ነው የሞቱት። አባትና ልጅ ፉሪ፣ አናጢው በገዛ እጃቸው በሠሯት ቤት ውስጥ ሁለቱ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሆስፒታል በቆየችበት ጊዜ ሁሉ አባቷ አንድም ቀን አልተለዩም። በሁለተኛው ሳምንት ዓይኗን ከፈተች። በሦስተኛው «አባ» አለች። እኔ ቢሮዬ ነበርኩ፤ አናጢው በሩን ሳያንኳኩ ገብተው፣ «ሲስተር፣ ጠራችኝ!» ሲሉኝ ከመቀመጫዬ ተነስቼ አብሬያቸው ሮጥኩ። ስንደርስ ተኝታለች። አባቷ እንዳትነቃ ብለው ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ወጣች። ስትወጣ ሦስት ቁጥር ነበረች፤ ይኸውም ራሷን ታውቃለች ግን ሁሉ ነገሯ በሰው እጅ ነው ማለት ነው። ለአባቷ ካርድ ሰጠኋቸው። ካርዱ ላይ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ማስመለስ ወይም ከወትሮው የበዛ እንቅልፍ ከታየ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል አምጧት ይላል። ከሥሩ የጥናቱ ስልክ ቁጥር አለ።

«ጽሑፉ ጥቃቅን ነው፣ አይታየኝም» አሉኝ።

«ግድ የለም አባባ። ማንኛውንም ነገር ካዩ መጀመሪያ ለእኔ ይደውሉ። እኔ አለሁ።»

ይህን ያልኩት በደግነት ነው። ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ ምንም ክፋት ልቤ ውስጥ አልነበረም።

የመጀመሪያው ወር ስልክ ደስ ይል ነበር። ነሐሴ መግቢያ ላይ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ በስልኩ ይሰማኛል። በማንኪያ ሲያጎርሷት ትውጣለች። ቃላቷ አራት ደርሰዋል፦ አባ፣ ውኃ፣ ተው፣ ብርድ። አናጢው እንጨት ጠርበው ይዛ የምትቆምበት መደገፊያ እየሠሩላት ነበር።

«ቁመቷን በምን ለኩት?» አልኳቸው።

«የልጄን ቁመት ላልለካ!» ብለው ሳቁ። ሲስቁ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የጥናቱ ስልክ ቅዳሜና እሑድ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ይውላል። ደንቡ ነው፤ ስልኩ የመሥሪያ ቤት ንብረት ስለሆነ ወደ ቤት አይወሰድም። በነሐሴ መጨረሻ አንድ ሰኞ መሳቢያውን ስከፍት ያልተነሱ ጥሪዎች አገኘሁ፤ ቅዳሜ ሁለት፣ እሑድ ጠዋት አንድ። ሦስቱም የአናጢው ናቸው። ወዲያው ደወልኩ። ብዙ ጠርቶ ተነሳ። ከጀርባ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ እየራቀ ሄደ፣ ወደ ውጭ የወጡ መሰለኝ።

«አባባ፣ ደውለው ነበር። እንዴት ነች የእኔ ጎበዝ?»

 መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ።

«ደህና ነች» አሉ።

«ምነው ታዲያ ደወሉ? ችግር አለ?»

«የለም ልጄ። ስልኩን ስነካካ ሄዶብኝ ነው።»

«ሰው ሰው ይላል፤ እንግዳ አለብዎት?»

«አዎ፣ ጎረቤት ነው።»

ስልኩን ዘግቼ ለሌላ ቤተሰብ ደወልኩ። ያን ቀን ሌላ ምን እንደሠራሁ አላስታውስም።

ከዚያ በኋላ በየጊዜው እየተሻላት ሄደ። ጥቅምት ላይ ስደውል መደገፊያውን ይዛ ግቢ ውስጥ ትሄዳለች አሉኝ። ልታናግረኝ ትችል እንደሆነ ጠየቅኩ፤ ተኝታለች። ጥር ላይ ራሷ ትበላለች፣ ራሷን ትታጠባለች፤ ቀኝ እጇ ግን ገና ይዝላል። «ላናግራት» ስል ጎረቤት ጋ ሄዳለች አሉኝ። ጎረቤት መሄድ ከቻለችማ ብዬ እኔው ተደሰትኩ። ቅጹ «የሚቻል ከሆነ በሽተኛውን ራሱን አነጋግሩ» ይላል። የሚቻል አልሆነም ብዬ ምልክት አደረግኩ። ከሦስት ወደ አራት፣ ከአራት ወደ አምስት አሳደግኳት።

ከቅጹ ውጪም ደወልኩ፤ አልዋሽም። በሥራዬ መጥፎ ቀን ሲገጥመኝ፣ ሁለት ቤት ደውዬ ሁለቱም አልፈዋል ሲሉኝ፣ ሦስተኛውን ለፉሪ እደውላለሁ። አናጢው የሚነግሩኝ ነገር ሁሉ ልክ ነበረው። አንድ ወር ትንሽ ደከም ብላለች ይሉኛል። ሌላ ወር ሳህን ሰበረች ብለው ይነግሩኛል። በሁዳዴ፣ ካልጾምኩ ብላ አስቸገረችኝ አሉኝ። «እምቢ ይበሏት፣ መድኃኒት ትወስዳለች» ብዬ ተቆጣሁ። «እሺ፣ እነግራታለሁ» አሉኝ።

ብስራተ ገብርኤል ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። የበሽተኛ ነገር ቤት ውስጥ አላወራም፤ የፉሪዋን ልጅ ግን ነገርኳት። እናቴ የክርስትና ስሟን ጠይቂልኝ አለችኝ፤ ጠይቄ ነገርኳት። ወር በገባ በአሥራ ዘጠኝ ገብርኤል ስትሄድ ስሟን ጠርታ ምሕረት ትለምናለች፣ ጧፍ ታበራለች። ዶክተርም ያውቋታል። ተማሪዎቻቸውን አሰልፈው ሲዞሩ፣ «እንዲህ ሆና የመጣች ልጅ ነበረች፤ ዛሬ ራሷን ችላ ትበላለች። ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ» ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ ባሏ አልጋ ላይ ለቀረባት አንዲት ሴት ታሪኳን ነገርኩ። ሴትየዋ አቅፋኝ አለቀሰች።

ሐምሌ ደረሰ። የዓመቱ ምርመራ በአካል ስለሆነ ለአናጢው ደወልኩ። አልተነሳም። በማግስቱም አልተነሳም። ሳምንት ሙሉ ሞከርኩ። ታማ ይሆን ብዬ ሰጋሁና በአንድ ረቡዕ ጠዋት ቅጹን በቦርሳዬ ይዤ፣ ለእሷም አንድ ኪሎ ሙዝ ገዝቼ፣ ከጀሞ ታክሲ ተሳፈርኩ።

ፉሪ መንገዱ ጭቃ ነበር። በየቦታው ፎቅ እየተሠራ ስለሆነ አናጢው ቀደም ብለው የነገሩኝ ምልክት ሁሉ ጠፍቶብኛል። አንዲት ሴትዮ ሱቅ በር ላይ ቲማቲም ሲደረድሩ አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ የአናጢውን ቤት ያውቁታል? ልጃቸው የታመመችባቸውን?»

ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩኝ። «የሞተችባቸውን?»

«የለም፣ የታመመችባቸውን። መኪና... ሞተር የገጫትን። ጀሞ ዳቦ ቤት የነበረችውን።»

«እሷው ናታ። አምና እኮ ነው፤ ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን። እዚሁ ሐና ማርያም ነው የቀበርናት። አንቺ ምኗ ነሽ?»

 የተሳሳቱ መስሎኝ ስለ ልጅቷ መልክ፣ ስለ አባቷ ጣት ጠየቅኳቸው። ሁሉንም እያሟሉ መለሱልኝ። ከዚያ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፤ ፊቴን አይተው ይሆናል። ጥቂት ቆይተው ራሳቸው እስከ በሩ አደረሱኝ።

አናጢው በሩን ከፍተው ሲያዩኝ አልደነገጡም። ሲጠብቁኝ የቆዩ ይመስላሉ። «ግቢ ልጄ» አሉኝ። ቤቷ አንድ ክፍል ናት፤ በጣም ንጹሕ። ግድግዳው ጋ በአሸዋ ወረቀት የለሰለሰ የእንጨት መደገፊያ ቆሟል። እግሮቹ ሥር ጭቃም ጭረትም የለም።

ቁጭ ብዬ ሙዙን ጭኔ ላይ ይዤ ቀረሁ።

«ይቅር በይኝ» አሉኝ።

«መቼ ነው?»

«ያ ሰኞ የደወልሽ ዕለት ሰልስቷ እንኳ አልወጣም ነበር። እሑድ ነው የቀበርኳት።»

ቀስ ብለው ነገሩኝ። ቅዳሜ ጠዋት ራሷን ይዛ «ተው፣ ተው» አለች። ከዚያ አስመለሳት። ከሰዓት እንቅልፍ በዛባት። ጎረቤቶቹ ሐኪም ቤት እንውሰዳት ሲሉ እሳቸው፣ «ቆዩ፣ ሲስተር መጀመሪያ ለእኔ ደውሉ ብላለች፤ እሷ የምታደርገውን ታውቃለች» አሉ። ደወሉ። አልነሳሁም። ሥራ ላይ ሆና ይሆናል ብለው ቆይተው ደገሙ። እሑድ ጠዋት አሁንም ደወሉ። ከዚያ ባጃጅ ጠርተው ይዘዋት ወጡ። ሐና ማርያምን ሳያልፉ እጃቸው ላይ አለፈች።

ካርዱን ጠየቅኳቸው። ከመጽሐፍ ቅዱስ መሐል አውጥተው ሰጡኝ። «ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል» የሚለውን አነበብኩት፤ ለራሴ ነው እንጂ ድምፅ አላወጣሁም። እሳቸው ግን ከንፈሬን ሲያዩ ነበር።

«ምን ይላል?»

መዋሸት እችል ነበር። «ወደ ሆስፒታል ወዲያው አምጧት ነው የሚለው፣ አባባ። መጀመሪያ ደውሉ አይልም። ያን ያልኩት እኔ ነኝ።»

 ኪሳቸው ውስጥ ያለውን እርሳስ አውጥተው መልሰው ከተቱት። እንዲጮኹብኝ ፈለግኩ። እንዲያስወጡኝ ፈለግኩ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው፤ ይህን ለመጠየቅ ምን መብት እንዳለኝ አላውቅም። «ያን ሰኞ ለምን አልነገሩኝም?»

«ቤቱ ለቀስተኛ ሞልቶት ነበር። የገባው ሁሉ እንዴት ሞተች ይለኛል። እንዴት ሞተች፣ እንዴት ሞተች። አንቺ ደውለሽ እንዴት ነች አልሽኝ።» ወደ መደገፊያው ዞሩ። «በዚያን ቀን እንዴት ነች ያለኝ ሌላ ሰው የለም። ደህና ነች አልኩሽ። ካልኩ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ። ደግሞ ካወቅሽ አትደውዪም።»

«የሚነግሩኝ ሁሉ ታዲያ...»

«ጥያቄዎቹን አውቃቸው ነበራ። ስትደውዪ ትንሽ ትንሽ አሻልኳት። እንዳትጠረጥሪ መሐል ላይ አደክማታለሁ።» ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «ሳህን ሰበረች ያልኩሽ ዕለት፣ የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

አብረን አለቀስን። ነርስ በበሽተኛ ቤተሰብ ፊት አታለቅስም ተብለን ነው የተማርነው።

ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቅጽ ነበር፤ የዓመቱና የሞቱ። ያን ቀን የሞቱን ቅጽ ላወጣ አልፈለግኩም፤ ሌላ ቀን እመጣለሁ አልኳቸው። እሳቸው ግን፣ «ጠይቂኝና ይለቅልኝ። ዛሬ እውነቱን ልመልስልሽ» አሉ። ጠየቅኳቸው። የሞተችበትን ቀን። ከመሞቷ በፊት የታዩትን ምልክቶች። ማን አጠገቧ እንደነበረ። «ሕክምና ለማግኘት ተሞክሮ ነበር?» የሚል ጥያቄ አለ፤ እዚያ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። አናጢው አንገታቸውን ዘርግተው ጥያቄውን ለማየት ሞከሩ፤ ጽሑፉ ጥቃቅን ነው።

«እሱስ ምን ይላል?»

አነበብኩላቸው።

«ደውያለሁ በይ» አሉኝ።

«ተደውሎ ነበር፤ አልተነሳም» ብዬ በእጄ ጻፍኩት። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሼ፣ ደረጃ ከሚለው ቃል ጎን፣ አንድ ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ ዶክተር ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የካርዱንም፣ «እኔ አለሁ» ያልኩትንም አልደበቅኩም። ዶክተር ብዙ የሚናገሩ ሰው አይደሉም። ቅጹን ሁለቴ አነበቡት።

«ደሙ ተመልሶ ተጠራቅሞ ነው የሚሆነው» አሉ።

«ቅዳሜ ብትመጣ ትድን ነበር?»

«ትድን ነበር ልልሽ አልችልም።» መነጽራቸውን አወለቁ። «አትድንም ነበር ልልሽም አልችልም።»

ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረው፣ «እኔ እኮ ተማሪዎቼን ባየሁ ቁጥር እሷን ነው የማነሳላቸው» አሉ። ካሁን በፊት ድምፃቸው እንደዚያ ሲሆን ሰምቼ አላውቅም።

ጥፋቱ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ፣ ስልክ ቆልፎ ሰውን ደውሉ ማለት የክፍሉ ሁሉ ጥፋት እንደሆነ ዶክተር በስብሰባ ላይ ተናገሩ። ስልኩ ከመሳቢያ ወጣ፤ አሁን ቅዳሜና እሑድ በተራ እንይዘዋለን። ካርዱ በትልልቅ ፊደል ታትሟል፤ ለማያነቡም ሥዕል አለው። በስልክ የሰበሰብኩትን መልስ ሁሉ ደግሞ እንደገና እንዳጣራ ታዘዝኩ። ዝርዝሩን ይዤ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አንዷ ሚስት ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ስለሚሰማት ብቻ «ደህና ነው» ስትለኝ የከረመች ሆና ተገኘች። አንዱ ወንድም ደግሞ ከዘመድ የሚመጣው እርዳታ ይቋረጥብናል ብሎ ሥራ የጀመረውን ወንድሙን አልጋ ላይ ነው ሲለኝ ቆይቷል። እኔ ቁጥር ስጽፍ የነበርኩት በሰው ፍርሃትና በሰው ተስፋ ላይ ነበር። አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው የበሽተኛውን ድምፅ ነው። መናገር ባይችል እንኳ ስልኩን አፉ ጋ ያዙልኝ እላለሁ።

ባሏ አልጋ ላይ የቀረባትን ሴት ፈልጌ አገኘኋት፤ የነገርኳት ታሪክ እውነት እንዳልነበረ ልነግራት ነበር። ባሏ ጣቶቹን ማንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር፤ በደስታ ታሳየኛለች። አልነገርኳትም።

ለእናቴ ግን ነገርኳት። ራት ልናቀርብ ስንል ነው። ሳህኑን አስቀምጣ ቆመች።

«ዓመት ሙሉ ምሕረት ስለምንላት የነበረው...»

«ሞታ ነው እማዬ።»

ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ አይታት ለማታውቃት ልጅ። በኋላ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ለነፍሷ ይሆናል። ጸሎት መሬት አይወድቅም» አለች። እኔ እንደዚያ ማመን አቃተኝ። ያን ክረምት ብዙ ነገር ማመን አቃተኝ።

ሙት ዓመቷ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነበር። አናጢው የሱቋን ሴትዮ ልከው ነገሩኝ። ከእናቴ ጋር ሄድን። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል፤ ብዙ ሰው የለም፤ ዕድርተኞች፣ ጎረቤት፣ ከዳቦ ቤት የመጡ ሁለት ልጆች። አንድ ሽማግሌ ከአናጢው ጋር በምን እንደምንተዋወቅ ጠየቁኝ። እኔ አፌን ስከፍት አናጢው ቀደሙኝ። «በስልክ ነው» አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ «ስለ ልጄ ትጠይቀኝ ነበር» አሉ። ከዚያ በላይ ምንም አልጨመሩም። የቀሩትን ሰዎች ፊት ሳይ፣ ስለ ካርዱ ለማንም እንዳልተናገሩ ገባኝ።

ስንወጣ እስከ አስፋልቱ ሸኙን።

«ከእንግዲህ አትደውዪም አይደል?»

«የጥናቱ ጥያቄ አልቋል፣ አባባ። እኔ ግን እደውላለሁ። እርስዎ እንዴት እንደሆኑ እጠይቃለሁ።»

«እኔማ ምን እሆናለሁ» አሉ።

በየወሩ ደወልኩላቸው ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። የደወልኩት ሁለቴ ነው። አንዴ ለመስቀል፣ አንዴ ኅዳር ላይ። ሁለቱንም ጊዜ አጭር አወራን፤ እኔ ስለ ጤናቸው እጠይቃለሁ፣ እሳቸው ደህና ነኝ ይላሉ፣ ከዚያ ሁለታችንም ቃል ያጥረናል። እሷን ሳናነሳ የምናወራው ነገር አልነበረንም፤ እሷን ማንሳት ደግሞ ፈራሁ። ሥራ በዛብኝ። የታክሲ ግፊያው፣ የእናቴ ደም ግፊት፣ አንዱ ሌላውን እየተካው ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። የካቲት ላይ ስደውል ቁጥሩ አገልግሎት ላይ የለም ተባልኩ።

በአንድ ቅዳሜ፣ ተራዬ ሆኖ የጥናቱን ስልክ በቦርሳዬ ይዤ፣ ፉሪ ሄድኩ። የሱቋ ሴትዮ አወቁኝ። አናጢው መሣሪያቸውን ሸጠው፣ ቤቱን አከራይተው፣ አገር ቤት እህታቸው ጋ መግባታቸውን ነገሩኝ። ደህና ናቸው ወይ ብዬ ጠየቅኩ።

«እኔ እንጃ ልጄ» አሉኝ። «ከሄዱ ወዲህ ማንም ደውሎላቸው አያውቅ።»